ጥርሴ ሽምግልና የሄደበት እሑድ

የጥርስ ሕመም ቀላል ነው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ጥርሱን አሞት እንደማያውቅ እወቁና እለፉት። እኔ የማወራችሁ ግን ሕመሙ ሳይሆን ማስታገሻው ሊገድለኝ ስለነበረበት፣ ጥርሴም ከነእብጠቱ ጎጆ የምትባል ከተማ ድረስ ሽምግልና ስለሄደበት እሑድ ነው።

መጀመሪያ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ጉታ እባላለሁ። የጉልበቴን ዘመን የጨረስኩት ጊንጪ፣ እህል መጋዘን ውስጥ ኩንታል በመሸከም ነው። ወገቤ ሲቆረጥ ማስታገሻ ኪኒን እየገዛሁ እንደ ቆሎ ቃምኩ። ኪኒኑ ወገቤን ዝም አሰኘልኝ፤ ጨጓራዬን ግን በሳው። ደም አስታወከኝ፣ አምቦ አምጥተው አስተኙኝ፣ የሰው ደም ሰጡኝ። ልወጣ ስል ሐኪሟ፣ በዕድሜ ልጄ የምትሆን ቀጭን ሴት፣ ጣቷን ወደ አፍንጫዬ ቀስራ እንዲህ አለችኝ፦

«አባባ፣ ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ አስፕሪን፣ እነዚህን ሁሉ ከእንግዲህ እንዳይቀምሱ። ወገብም ቢሆን፣ ራስም ቢሆን፣ ምንም ቢያምዎ! ከቀመሱ ሬሳዎን ነው የሚያመጡልኝ። ፓራሲታሞል ይፈቀድልዎታል፣ እሱም በታዘዘው ልክ። ሰገራዎ ከጠቆረ ደግሞ ነገ ሳይሉ ይምጡ።»

«ሬሳ ከሆንኩማ ወደ አንቺ ምን ያመጡኛል? በቀጥታ ወደ መቃብር ነው እንጂ» አልኳት።

አልሳቀችም። እንዲህ ያለ ሐኪም ደስ ይለኛል።

ማንበብ የተማርኩት ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው። መጀመሪያ በጎልማሶች ትምህርት ቁቤውን፣ ኦሮምኛ የሚጻፍበትን የላቲን ፊደል ማለቴ ነው፤ የአማርኛውን ፊደል ደግሞ በኋላ በልጄ አሮጌ መጽሐፍ። ስለዚህ የኪኒን ማሸጊያ ላይ ያለውን የፈረንጅ ጽሑፍ በኦሮምኛ አነባበብ ነው የማነበው። ዳይክሎፌናክ በኔ ንባብ «ዲጭሎፌናጭ» ይሆናል። የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ትስቃለች። ትሳቅ። ሆዴን የበሳውን ነገር እንዳሻኝ ብጠራው መብቴ ነው።

ሰው «ጉታ አፉ መራራ ነው» ይላል። የወንድሜን የቶለሳን የመጀመሪያ ልጅ ለማጋባት ሽምግልና በሄድን ጊዜ የልጅቷ አባት «ልጃችሁ ጠባዩ እንዴት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። «ሰነፍ ነው» አልኩት። ጠየቀኝ፣ መለስኩ። ጋብቻው ፈረሰ። ልጁ እስከ ዛሬ እንደ ሰነፈ ነው፤ ቶለሳ ግን ጋብቻውን ያፈረስኩት እኔ እንደሆንኩ ነው የሚያወራው።

ከዚያ ሁለተኛው ልጁ ለሚ አንዲት ልጅ ወደደ። ጫልቱ ትባላለች፤ የጎጆው በግ ነጋዴ የኦቦ ድሪርሳ ልጅ ናት። ለመጀመሪያው ሽምግልና ቶለሳ ለኔ ትንፍሽ ሳይል ጎረቤታችንን ሐጂ ከድርን ይዞ ሄደ። ሐጂ አምቦ ገበያ ጨርቅ የሚሸጥ የስልጤ ሰው ነው። አፉ ማር ነው፤ ሌባ እንኳ ሲሰድብ መርቆ ነው የሚሸኘው። ኦቦ ድሪርሳ ግን በማር አይታለልም።

«የልጁ አባት ታላቅ ወንድም አለው ሲባል ሰምቻለሁ» አላቸው። «ታላቁ ሳይመጣ ቃል አልሰጥም። ለመልሱ እሑድ እሱን ይዛችሁ ኑ።»

ቶለሳ እኔ ቤት ሲመጣ መርዶ ሊያረዳ የመጣ ነበር የሚመስለው።

«ጋሼ፣ እሑድ ጎጆ ትሄዳለህ።»

«ደስ ይለኛል።»

«ትሄዳለህ፣ ግን አትናገርም።»

«ምነው፣ ጆንያ ነኝ?»

«ጋሼ፣ ማሎ!» ማሎ በኦሮምኛ «እባክህ» ማለት ነው። ከቶለሳ አፍ ሲወጣ ግን ስድብ ይመስላል።

ዓርብ ቁርስ ላይ የታችኛው መንጋጋዬን በምስማር የመቱኝ መሰለኝ። ቀትር ሳይሆን ጉንጬ ተነፋ። ጥርስ ሕክምና ሄድኩ። ባለሙያው በመብራት አየና «ሥሩ መግል ቋጥሯል። መነቀሉ አይቀርም፤ ግን ለእብጠቱ መድኃኒት ልስጥዎትና ሰኞ ይምጡ» አለኝ። የጨጓራዬን ታሪክ ስነግረው ማስታገሻ ሊጽፍ ያነሳውን እስክሪብቶ መልሶ አስቀመጠ።

«እንግዲያው ለሕመሙ ፓራሲታሞል ብቻ ነዋ» አለ፣ እያዘነልኝ። «ለብ ባለ የጨው ውሃ ይጉመጥመጡ፣ ከውጭ በኩል ቀዝቃዛ ጨርቅ ያድርጉበት፣ ሲተኙ ራስዎን ከፍ ያድርጉ።»

«ካልቻልኩስ?»

«ይቻሉት።»

ቅዳሜ አምቦ በሙሉ ሐኪም ሆነ። በዚህ አገር ጉንጭህ ካበጠ የሕዝብ ንብረት ነህ፤ ያለፈው ያገደመው ሁሉ ይዳብስሃል። ጸጉር አስተካካዩ ከመሳቢያው ኪኒን አወጣልኝ። የቤት ኪራይ ልትሰበስብ የመጣችው ሴትዮ እንኳ ከቦርሳዋ አወጣች። አንዱ አረቄ ያዝበት አለኝ፤ ሌላው በአምቦ ውሃ ተጉመጥመጥ አለኝ፤ የኛ አገር ሰው እግሩ ቢቆረጥም አምቦ ውሃ ነው የሚያፈስበት። አንዲት ጎረቤቴ ደግሞ የእምቧይ ፍሬ ፍም ላይ ጨምራ ጢሱን በአፌ አስገባችልኝ፣ የጥርሱ ትል እንዲወጣ። የወጣው እንባዬ ብቻ ነው።

ኪኒን የያዘ ሁሉ ንግግሩ አንድ ነው፦ «አንድ ፍሬ ምን ታደርጋለች?» እኔ አንድ ፍሬ ምን እንደምታደርግ በሰው ደም የተማርኩ ሰው ነኝ።

ሐጂ ከድር ብቻ ኪኒን ሳይዝ መጣ። «አንተ ጉታ፣ ይሄ ቅርንፉድ ነው። ጥርስህ ላይ ያዘው፤ ሰው አትንከስበት» ብሎ በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ። እውነትም ትንሽ አደነዘዘልኝ። ሰው ደግ ሲሆንልኝ የምለው ስለሚጠፋኝ ዝም አልኩ። ሐጂ ዝምታዬን ሲያይ ደነገጠ፤ «ያ ረቢ፣ ሰውየው የምሩን ታሟል!»

ቀጥሎ ቶለሳ መጣ። ጉንጬን ሲያይ ፊቱ በራ።

«መናገር ትችላለህ?»

ራሴን ግራና ቀኝ ነቀነቅኩ።

«ምንም?»

ነቀነቅኩ።

ወንድሜ ወደ ላይ አንጋጦ እጁን ዘረጋ። ስንት ዘመን የለመነውን አንድዬ በኔ መንጋጋ በኩል ሰጠው። «ቀኑን አስተላልፍልኝ» ብዬ በእጄ ባመለክት አልሰማኝም። ለነገሩ እውነት አለው፤ የመልስ ቀን ማስተላለፍ ሰውየውን መናቅ ነው፤ ለጫልቱ የሚላክ ሌላ ሽማግሌ እንዳለም ተሰምቷል።

እሑድ በሚኒባስ ወጣን። ከጊንጪ ወደ ጎጆ በሚወስደው መንገድ ያልሄደ ሰው ጥርሱ በምን እንደተያዘ አያውቅም። ሐጂ በየጉድጓዱ «ቢስሚላህ» ይላል። እኔም በየጉድጓዱ የምለው ነበረኝ፤ ደግነቱ አፌ ስላበጠ አልተሰማም። የጎጆ ብርድ ደግሞ በመስኮቱ ገብቶ ጥርሴን ብቻ መርጦ ይይዛል። ጉንጬን በጋቢ ጠቅልዬ ደረስኩ።

እንደ ወጉ ደጃፉ ላይ ቆምን። ኦቦ ድሪርሳ ረጅም፣ ገርጣ ያለ፣ ዱላ የሚይዝ ሰው ነው። «ግቡ፣ ተቀመጡ» ቢለን ሐጂ «የመጣንበትን ሳንናገር መቀመጥ አይሆንልንም» አለ። ተናገረ፤ አሳምሮ ተናገረ። ተለምነን ተቀመጥን። ድሪርሳ ሐጂን አመሰገነና ወደኔ ዞረ።

«ታላቁ እርስዎ ነዎት?»

ዝቅ ብዬ እጅ ነሳሁ።

«እስቲ ከእርስዎ ልስማ። የልጁ ጠባይ እንዴት ነው?»

ቶለሳ በክርኑ ጎሸመኝ። በዚያችው ቅጽበት ጥርሴ እስከ ጆሮዬ ወጋኝ። ከሆዴ ቃተትኩና ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ድሪርሳ ትክ ብሎ ያየኛል።

«አየሽ» አላት ሚስቱን፣ አዴ ብዙነሽን። «የራሱን ልጅ አላሞገሰም። ልጁን መልአክ ነው የሚል ሽማግሌ ስንቱን አየሁ! ይሄ ሰው ግን አሰበበት።»

ሐጂ ሳቁን በሳል ሸፈነው።

ምግብ መጣ፤ የገብስ ዱቄት በቅቤ የታሸበት ጭኮና የተቀቀለ የበግ ሥጋ። ቶለሳና ሐጂ እጃቸውን ሊሰዱ ሲሉ እኔ አንገቴን አቀረቀርኩ። ያን ሥጋ ማኘክ ቀርቶ ማየቱ ያመኝ ነበር። ድሪርሳ ጉልበቱን መታ። «ታላቁ ቃል ሳይሰጠው እህሌን አይቀምስም! ወግ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ነው።» ሁለቱ ረሃብተኞች እጃቸውን አፍረው ሰበሰቡ። ዕድሜዬን በሙሉ እውነት ተናግሬ ያላገኘሁትን ክብር አንድ የበሰበሰ ጥርስ አስገኘልኝ። ተናደድኩ፤ ግን እንዳይመስላችሁ፣ ደስም ብሎኛል።

ምን ዋጋ አለው፣ ጋቢዬ ተንሸራተተ።

«ኧረ ዋቆ!» አለች አዴ ብዙነሽ። «ሰውየው ፊቱ ዱባ አክሏል!»

«ጥርሱን ትንሽ አሞት ነው» አለ ቶለሳ፣ ቶሎ ብሎ።

«ታዲያ ምን ችግር አለ!» ድሪርሳ ከኮቱ ኪስ የኪኒን ማሸጊያ አወጣ። «እኔ ጉልበቴን በእሷ አይደል እንዴ የምጠግነው! በየቀኑ አንድ፣ ገበያ ስውል ሁለት። በባዶ ሆድ ነው የምወስዳት፣ ያኔ ነው የምትሠራው።» አንዷን ፈልቅቆ መዳፌ ላይ አኖረና ውሃ አስመጣ። «በሞቴ ይዋጧት!»

ማሸጊያው ላይ ያለውን አነበብኩ። ዲጭሎፌናጭ።

እዚህ ላይ ያለሁበትን ተመልከቱልኝ። በሞቴ ያለህን ሰው እንቢ ማለት፣ በሞቱ መስማማት ነው። ያውም ልጁን ልትለምን ቤቱ ቁጭ ብለህ! ብውጣት የለሚ ጋብቻ ይሰምራል፣ እኔ ግን በጎጆ መንገድ ደም እያስታወክሁ ነው የምወርደው። እውነቱን ከነገርኳችሁ አይቀር፣ ልውጣት ፈልጌም ነበር። ለሚ ትዝ ብሎኝ አይደለም። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ያላየ ሰው መዳፉ ላይ ዝምታ ሲቀመጥለት ሐኪም አይታወሰውም።

ቶለሳ በጆሮዬ አንሾካሾከ፤ «ጋሼ፣ አፍህ ውስጥ ያዛትና ውጭ ትተፋታለህ።»

ድሪርሳ ግን በግ ነጋዴ ነው። አፍ ከፍቶ ማየት እንጀራው ነው። ጎንበስ ብሎ ይጠብቀኛል፤ ስውጥ ሊያይ።

«አልውጣትም» አልኩ። ቃሏ ስትወጣ መንጋጋዬን ሰነጠቀችው።

ድሪርሳ ቀና አለ።

«በሞቴ አልኩ እኮ!»

«ሰምቻለሁ። ይቺ ኪኒን ጨጓራዬን በስታ ደም አስታውካኛለች። አሁን ብውጣት አንተ ቤት ነው የምሞተው፤ ከዚያ ልጅህን ሳይሆን አልጋህን ነው የምንለምንህ፣ ሬሳ ለመሸከም።»

«ጋሼ!» አለ ቶለሳ።

ከተከፈተ አይዘጋም። «አንተም በባዶ ሆድ በየቀኑ የምትውጣት ከሆነ ሰገራህን ተመልከት። እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ሆድህ እየደማ ነው።»

አዴ ብዙነሽ በነጠላዋ አፏን ያዘች። ሐጂ «አስተግፊሩላህ» አለ፣ ዓይኑን ከጭኮው ላይ ሳያነሳ። ቶለሳ መሬቱ ተከፍቶ እንዲውጠው ሲጠብቅ መሬቱም እንቢ አለው። ድሪርሳ ግን አልተቆጣም። ኪኒኗን ከመዳፌ አንስቶ ወደ ኪሱ መለሳትና በዱላው ተደግፎ ተነሣ።

«ይምጡ እስቲ» አለኝ። «በጎቼን ላሳይዎት።»

ጓሮ፣ በጎቹ በረት ውስጥ፣ ከሰው ርቀን ቆምን። ዱላውን እንዳልቀመስ ፈርቼ ወደ አጥሩ ጠጋ ብያለሁ። እሱ ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጥቁር ስትል፣ ምን ዓይነት ጥቁር?»

«የአስፋልት ሬንጅ አይተሃል? እሱን። የሚያጣብቅ፣ የሚከረፋ።»

አንዱን በግ ጀርባውን መዳበስ ጀመረ።

«ዳገት ስትወጣ ልብህ ይመታል?» አልኩት።

«ይመታል።»

«ዓይንህ ይጨልማል?»

«ዛሬ ጠዋት ከአልጋዬ ስነሣ…» ብሎ ተወው። ያን ጊዜ ነው ገርጣ ያለው በተፈጥሮው እንዳልሆነ የገባኝ።

«አሁን ከኛ ጋር አምቦ ትወርዳለህ። ሐኪሟ ‹ነገ እሄዳለሁ› አትበሉ ብላለች።»

«አብደሃል? ሽማግሌ በመጣበት ቀን አባቷ ታመመ ቢባል አገር ምን ይላል? ገደ ቢስ ጋብቻ ነው ይላሉ። ለልጄ ማንም ደጄን አይረግጥም። ሚስቴም ብትሰማ አሁን ታለቅሳለች።»

«ሞተ ቢባልስ? ያ ጥሩ ገድ ነው?»

ሳቀ፤ ወዲያው ደከመውና አጥሩን ያዘ። ከዚያ የበግ ነጋዴው ብልሃት መጣለት። «እንግዳ መሸኘት ወግ ነው» አለ። «ልሸኛችሁ እወጣለሁ። አንተ ግን ለማንም፣ ለወንድምህም ቢሆን፣ ቃል እንዳይወጣህ። አፍህ አያስችልህም ሲባል ሰምቻለሁ።»

«ዛሬ ያስችለዋል» አልኩት።

ስንመለስ ድሪርሳ መልስ አልሰጠም። «ወደ በኋላ ነው» ብቻ አለ። ቶለሳ የሞት ፍርድ እንደተነበበበት ሰው ተነሣ። ድሪርሳ ለሚስቱ «ትንሽ ልሸኛቸው» ብሎ እስከ በሩ መጣ፣ እስከ መንገዱ መጣ፣ ከዚያ ሚኒባሱ ውስጥ ገብቶ ከጎኔ ቁጭ አለ።

«ኦቦ ድሪርሳ፣ ይበቃል፣ አክብረውናል» አለ ሐጂ።

«እስከ መታጠፊያው ልሸኛችሁ።»

መታጠፊያው አለፈ። «እስከ ጊንጪ ልሸኛችሁ» አለ። ሾፌሩ በመስታወት እያየ ይስቃል። ጊንጪ ስንደርስ ሐጂ መሐላ አወጣ፤ «ወላሂ፣ ከዚህ በላይ መሸኘት ኃጢአት ነው፤ ይመለሱ!»

«ትንሽ ልጨምር» አለ ድሪርሳ። ግንባሩ ላይ ቀዝቃዛ ላብ ወጥቷል።

ቶለሳ ወደኔ ተጠግቶ «በረት ውስጥ ምን አልከው? ሰውየው ሊከሰን ነው አይደል የሚከተለን?» አለኝ። ወንድሜ ያን ያህል ሲጨነቅ አይቼው አላውቅም፤ አንዲት ቃል ብጥልለት ያርፍ ነበር። ጉንጬን ይዤ በመስኮት ማየቴን ቀጠልኩ። ጥርሴ እየቀጠቀጠኝ፣ ወንድሜ እየሰደበኝ፣ ድሪርሳ ትከሻዬ ላይ እየከበደ አምቦ ገባን።

«ሆስፒታሉ በር ላይ አውርደን» አልኩት ሾፌሩን።

ድሪርሳ ከመኪናው ሲወርድ ጉልበቱ ታጠፈ። ሐጂና ቶለሳ በሁለት ክንዱ ገቡ፤ ያን ጊዜ ነው የገባቸው። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ደሙን ለኩ፤ ያለው ትንሽ ነበር። እዚያው አስተኙት፣ ደም ሰቀሉለት። ቶለሳ ለጫልቱ ስልክ ደወለ። ተረኛው ሐኪም «ማን ነው አሁኑኑ ካልመጣህ ያለው?» ብሎ ጠየቀ። ሦስቱም ወደኔ ጠቆሙ። ሐኪሙ ጉንጬን አይቶ «እርስዎስ ምን ሆነው ነው?» አለ። ተረስቼ ነበር፤ ከዓርብ ወዲህ የመጀመሪያዬ።

ሰኞ ጥርሴን በመርፌ አደንዝዘው ነቀሉልኝ። ጥጡን ነክሼ ወደ ድሪርሳ ክፍል ወጣሁ። ቶለሳ ራስጌው ተቀምጧል፤ ከትናንት ጀምሮ ያን ሰው እንደ አባቱ ነው የሚያስታምመው። ድሪርሳ ሲያየኝ በእጁ ወንበር አሳየኝ።

«ኦቦ ጉታ» አለ። «ልጅህን ስጠኝ እያለ ደጄ የቆመው ብዙ ነው። ሰገራህ ምን ይመስላል ብሎ የጠየቀኝ ግን ካንተ በቀር የለም። ልጄ እንዲህ የሚጠይቅ ሰው ያለበት ቤት ትግባ።»

ቶለሳ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ሲያለቅስ መታየት አይወድም። እኔ ጥጥ እንደነከስኩ የድሪርሳን እጅ ይዤ ተቀመጥኩ።

እናንተ አንባቢዎች፣ ከዚያች እሑድ በኋላ ደግ ሰው ሆንኩ ብዬ አላታልላችሁም። አሁንም ሰነፍን ሰነፍ ነው የምለው። ግን ሰው አፌን ሲያማብኝ ኖሮ ኖሮ እኔም ማፍረስ ብቻ የሚችል ነገር አድርጌ ወስጄው ነበር። አሁን ሽምግልና ሲኖር እኔን ነው የሚፈልጉኝ። ቶለሳም ራሱ እየመጣ «ጋሼ፣ ተናገርላቸው» ይለኛል።

አንድ ነገር ልለምናችሁ፣ በሞቴ ሳልል። ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ኪኒን ለእናንተ ሆድ የታዘዘ ነው፤ ፍቅራችሁን በሌላ ነገር ግለጹ። ቅርንፉድ ስጡ፣ ለብ ያለ ጨው ውሃ ስጡ፣ ወይም ዝም ብላችሁ አጠገቡ ተቀመጡ። እናንተም እንደኔ የተከለከላችሁ ከሆነ ጥርስ ነቃዩ እስክሪብቶ ሳያነሳ ንገሩት፤ እንቢ ማለት ነውር መስሏችሁ አትዋጡ። የጥርስ ሕመም ያልፋል። እኔ ነኝ የምላችሁ፤ ተሰቃይቼበታለሁ፣ አልፏል።

ለሚና ጫልቱ ተጋብተው ወልደዋል። ድሪርሳም ድኗል፤ ጉልበቱን አሁንም ያመዋል፣ አሁንም ያማርራል፣ ግን ሐኪም እየጠየቀ ነው የሚያማርረው። እኔ ደግሞ ጎጆ ገበያ ስወጣ አንድ ፍዳ መጥቶብኛል። ሰው ገና እጄን ሳይጨብጥ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ይልና ስለ ሰገራው ይነግረኛል። ሽማግሌ ተከበረ ማለት እንዲህ መሆኑን የነገረኝ አልነበረም። ተሳድቤም ቢሆን እሰማቸዋለሁ። «ጥቁር ነው» ያለኝን ግን ሰላምታውን ሳልመልስ ክንዱን ይዤ ወደ መኪና ነው።